ሲአር3 ፋይሎቼ ወደ ዲኤንጂ አልቀየር አሉኝ፤ ሙሽሮቹ ደግሞ በየቀኑ ይደውላሉ

ካሜራማን ከጉለሌ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ቤተሰብ። ሁለት ሌሊት ታግዬ አቅቶኝ ነው የመጣሁት፣ ረዘም ካለ ይቅርታ።

እሁድ ሰርግ ሠራሁ። ጠዋት ሙሽሪት ቤት፣ ከሰዓት እንጦጦ ፓርክ፣ ማታ አዳራሽ። የራሴ ካሜራ ካኖን 6ዲ ነው፤ ለሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው ሹተሩ እንቢ ስላለኝ ካሜራ ተከራየሁ። ያገኘሁት የካኖን አር6 ማርክ 2 ነው። ስይዘው እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ፤ ፎከሱ ዓይን ላይ ከያዘ በቃ፣ ሙሽራው ቢጨፍር ቢዘል አይለቅም። ሁሉንም በሮው አነሳሁ (ገና ያልተሠራ ጥሬ ፋይል ማለት ነው፣ የዚህ ካሜራው ሲአር3 ይባላል)። ሰኞ ላፕቶፑ ላይ ስገለብጥ 1,846 ፋይል፣ 47 ጊጋ አካባቢ።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የኔ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 7 ነው፣ የምሠራበትም የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይትሩም 6። አንዱንም አላስገባ አለኝ። እንደ ብልህ አሥሩን ኮፒ አድርጌ ስማቸው መጨረሻ ላይ ያለውን ሲአር3 እንደ 6ዲዬ ፋይሎች በሲአር2 ቀየርኩት (አትሳቁ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ነበር)። ወይ ፍንክች። ፍላሽ ላይ የቆየ ዲኤንጂ ኮንቨርተር ነበረኝ (ሮው ፋይልን የድሮ ፕሮግራምም ሊከፍተው ወደሚችል ዲኤንጂ የሚቀይር)፣ እሱን ጫንኩ፤ ፎልደሩ ውስጥ የማውቀው የሮው ፋይል የለም አለኝ። አዲሱን ከኢንተርኔት አወረድኩ፤ በዊንዶውስ 7 አልጫንም አለ። የአጎቴን ልጅ ላፕቶፕ ለመንኩ፣ እሱ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ተጫነ። እልል ልል ስል፣ ፎልደር ምረጥ የሚለውን ነክቼ ስገባ ፎልደሩ ባዶ ነው! ምንም የለም። በዊንዶውስ በኩል ስከፍተው ግን ፋይሎቹ ተደርድረዋል፣ የሙሽሪት ፊት ራሱ በትንሿ ምስል ይታየኛል።

ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን? ቫይረስ? የሙሽሪት እናት ዛሬ ሁለቴ ደውለዋል። አንድ ነገር በሉኝ።

ፎቶ በጥድፊያ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡41

ምን ያደክምሃል፣ ኦንላይን ኮንቨርተር ሞልቷል። ስቀለውና ጄፔግ አድርጎ ይመልስልሃል።

ካሜራማን ከጉለሌ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡48

47 ጊጋ? በኔ ኢንተርኔት? ሰቅዬ ስጨርስ ሙሽሮቹ ልጅ ክርስትና ያስነሳሉ።

የሌሊት ኤዲተር
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

የሰው ሰርግ የማታውቀው ሰርቨር ላይ አይሰቀልም፣ እሱን ተወው። አይዞህ ወንድሜ፣ እስካሁን ከጻፍከው አንድም የተበላሸ ነገር አይታየኝም። በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ላይትሩም 6 የመጨረሻውን ማሻሻያ ያገኘው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2017 ነው፣ 6.14 የሚባለው። ሲአር3 የሚባለው ፋይል ደግሞ በ2018 ከካኖን ኢኦኤስ ኤም50 ካሜራ ጋር ነው የመጣው። አንተ የተከራየኸው ካሜራ ከዚያም ዘግይቶ በ2022 ወጣ። እና ፕሮግራምህ መሻሻል ካቆመ በኋላ የተወለደ ፋይል ነው እያሳየኸው ያለኸው፤ ከየት ይወቀው? የቆየው ኮንቨርተርህም እንደዚያው። እያንዳንዱ አዲስ ካሜራ ሲወጣ ኮንቨርተሩ ውስጥ ለብቻው ይጨመራል። ስለዚህ ሲአር3 የሚያነብ ቢሆን እንኳ ያንተን ካሜራ ላያውቀው ይችላል።

ስም መቀየሩን በተመለከተ አልስቅብህም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ሲአር2 ቲፍ የሚባለው የምስል ፋይል ዘር ነው፣ ሲአር3 ደግሞ አጥንቱ ከኤምፒ4 ቪዲዮ ጋር አንድ ነው። ስም ስትለውጥ ውስጡ አይለወጥም። እነዚያን አሥር ኮፒዎች አጥፋቸው፣ በኋላ ከዋናዎቹ ጋር ተደባልቀው ያሳብዱሃል።

አሁን ወደ «ባዶው» ፎልደር። እዚህ ላይ ስንቱ ሰው እንደሚወድቅ! ያ መስኮት ፎልደር እንጂ ፋይል አያሳይም። ፋይል አንድ በአንድ የሚመረጥበት አይደለም፣ ሙሉ ፎልደር ነው የሚበላው። ስለዚህ ውስጡ አትግባ። ከውጭ ሆነህ ፎልደሩን አንዴ ብቻ ንካው፣ ከዚያ ምረጥ የሚለውን ተጫን። ንዑስ ፎልደር ካለህ እነሱንም ጨምር የምትለውን ትንሽ ሳጥን ምልክት አድርግባት።

ከመጀመርህ በፊት ግን የኮንቨርተሩ ማስተካከያ ውስጥ ግባና ተስማሚነት (ዲኤንጂውን የትኛው ፕሮግራም እንዲከፍተው) የሚለውን «ካሜራ ሮው 7.1 እና ከዚያ በላይ» ላይ አድርገው። እንዲሁ ከተውከው የሚወጣው ዲኤንጂ ለአዲስ ፕሮግራም የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ የድሮው ላይትሩምህም እንደገና አላውቀውም ይልሃል። ኦሪጅናሉን ዲኤንጂው ውስጥ አብረህ አስገባ የሚለውን ደግሞ አትንካ፤ መጠኑን እጥፍ ያደርግብሃል። የሚቀመጥበትን ቦታ ሰፊ ዲስክ ላይ አድርግ፣ ሌላ 40 ምናምን ጊጋ ባዶ ያስፈልግሃል።

ካሜራማን ከጉለሌ
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

የሌሊት ኤዲተር እህቴ፣ እድሜ ይስጥሽ! ውስጡ አለመግባት! ለዚህ ነው እንዴ ሁለት ሌሊት ያደርኩት? ከውጭ አንዴ ነካሁት፣ መረጥኩ፣ መቁጠር ጀመረ። እኔ ተኛሁ፣ እሱ ሠራ።

ጠዋት ሳየው 1,835 ተቀይሯል፣ ላይትሩም 6 ላይም ተከፈተልኝ። 11 ግን አልቀየር ብለዋል። 11 ምን አላት ልል ነበር፤ ከፍቼ ሳይ የሽማግሌዎቹ ምርቃትና ሙሽሪት የአባቷን ጉልበት ስትስም ያለው ቦታ ነው። ሌላው ቢቀር እሱ አይቀርም። የሚገርመው ከ11ዱ አምስቱ በዊንዶውስ ትንሿን ምስል ያሳያሉ፣ ጥርት ብላ። ምስሉ ካለ ፋይሉ አለ ማለት አይደለም?

ባለ ጨለማ ክፍል
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡05

አይደለም ልጄ። እኔ ፊልም በቀይ መብራት ሳጥብ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ይሄን ዲጂታል ያስተማሩኝ ልጆቼ ናቸው፣ ግን በዚህ ጉዳይ ተቃጥያለሁ።

ሮው ፋይል ውስጥ ካሜራው ራሱ ያዘጋጀው ጄፔግ ተሸጉጧል። ዊንዶውስ የሚያሳይህ እሱን ነው። በሲአር3 ላይ ትንሿ ምስል ከፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ ነው የምትቀመጠው፣ ከባዱ የሮው መረጃ ደግሞ ከኋላ ይከተላል። እንግዲህ ፋይሉ ግማሽ ላይ ቢቆረጥ ፊቱ ይታያል፣ አካሉ ግን የለም። ኮንቨርተሩ የሚፈልገው አካሉን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ስትገለብጥ መብራት ጠፍቶ ነበር? ሁለተኛ፣ ካርዱን ፎርማት አድርገኸዋል? ካላደረግህ አሁኑኑ ከኪስህ አውጣና ቆልፈው። ኤስዲ ካርድ በጎኑ ትንሽ መግፊያ አለችው።

ካሜራማን ከጉለሌ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡22

ጋሼ፣ እርስዎ ጠንቋይ ነዎት? ሰኞ ስገለብጥ መብራት ሄዷል። የኔ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ሶኬት ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ድርግም አለ። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ቀጠልኩ። አለ የሚለኝን ፋይል ሁሉ «ዝለለው» እያልኩ!

ካርዱን ግን... ረዳቴ መልሱን ሊቀርፅ ዛሬ ወጥቷል። እየደወልኩለት ነው፣ አያነሳም።

ባለ ጨለማ ክፍል
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

«ዝለለው» ያልከው ነው የበላህ። በግማሽ የተቀዳ ፋይልም ስሙ አለና አለ ይልሃል። መጠኑን ከካርዱ ጋር አስተያይ፣ ግን መጠን ብቻ አትመን። ዊንዶውስ አንዳንዴ ቦታውን ቀድሞ ይይዝና ውስጡን ሳይሞላ መብራት ይሄዳል፤ ከውጭ ስታየው 25 ሜጋ፣ ውስጡ ግን ባዶ። 11ዱን ከዲስኩ ላይ አጥፍተህ እንደ አዲስ ገልብጥ። ልጁ ካርዱን ፎርማት አድርጎት ቢሆን እንኳ ገና ካላነሳበት የሚመልሱ ፕሮግራሞች አሉ፣ ስለዚህ አንድ ፎቶ እንኳ እንዳያነሳበት ንገረው።

ካሜራማን ከጉለሌ
ረቡዕ፣ ምሽት 1፡10

አነሳ። ካርዱ አብሮት ነበር፣ ግን በሱሪው ኪስ። ካሜራው ላይ የራሱን ነበር የከተተው። ታክሲ ውስጥ ሆኖ እየሳቀብኝ ነው የነገረኝ፤ እኔ ግን ላብ በላብ ሆኛለሁ። ማታ ከመልሱ ሲመጣ አምጥቶ ሰጠኝ።

11ዱን አጠፋሁ፣ እንደ አዲስ ገለበጥኩ፤ ከመጥፋታቸው በፊት ሳይ ትንሿን ምስል ከማያሳዩት ስድስቱ አራቱ ካርዱ ላይ ካለው ጋር እኩል መጠን ነበራቸው፣ ጋሼ እንዳሉት። 11ዱም ተቀየሩ። ምርቃቱ አለ፣ ጉልበት ስሞሹም አለ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ቀረችኝ፣ ሰለቸኋችሁ። የአበባ ውርወራው የለም። ረዳቴ በቃ ከካሜራው ቁልፍ ላይ ጣቱን አላነሳም ነበር፣ ፎቶ እንደ ዝናብ ነው ያዘነበው፤ አሁን ሳይ ግን ከዚያ ሰዓት ሦስት ፎቶ ብቻ ነው ያለው፣ ሦስቱም አበባው ገና እጇ ላይ እያለ። ዋናዎቹን ፋይሎች ሳይ ሦስቱ ለየት ይላሉ፤ የሌላው ሁሉ ስም «አይኤምጂ» ብሎ ሲጀምር የእነሱ «ሲኤስአይ» ይላል፣ አንዱ ብቻውን 900 ሜጋ ነው። ቪዲዮ ነው እንዴ?

የሌሊት ኤዲተር
ረቡዕ፣ ማታ 4፡05

ቪዲዮ አይደለም፣ ሮው በርስት ነው። ረዳትህ ወይ ካንተ በፊት የተከራየው ሰው ሜኑ ውስጥ ከፍቶት ይሆናል። በሰከንድ እስከ 30 ፎቶ ያነሳና ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ እንደ ፊልም ጥቅል ይጠቀልለዋል። ኮንቨርተሩ ከጥቅሉ አንዱን ብቻ አውጥቶልሃል፤ የቀሩት ውስጡ ናቸው።

ማውጫው ሁለት ነው። ካሜራው ገና እጅህ ላይ ካለ ካርዱን መልሰህ ክተትና እዚያው እያየህ የፈለግካቸውን ለይተህ አውጣ። ከሌለ የካኖንን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል ጫን፣ ነፃ ነው፤ የሮው በርስት መሣሪያ አለው። አንድ በአንድ ወደ ሲአር3 ታወጣቸዋለህ፣ ከዚያ የለመድከው ኮንቨርተር ውስጥ ትጨምራቸዋለህ። ጥቅሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ግን አታውጣ፣ ዲስክህን ታሰቃየዋለህ።

ካሜራማን ከጉለሌ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡40

ካሜራውን ትናንት መልሻለሁ፣ ስለዚህ በሁለተኛው መንገድ ሄድኩ። ከአንደኛው ጥቅል ብቻ 41 ፎቶ። አንድ በአንድ ሳሳልፋቸው አበባው ከሙሽሪት እጅ ወጥቶ፣ በሚዜዎቹ ላይ አልፎ፣ ከኋላ ድፎ ዳቦ ይዘው የቆሙ አክስት ጋ ሲደርስ ይታያል። 23ኛው ላይ አበባው ዳቦው ላይ አርፏል፣ አክስት ገና አላወቁም፣ ሚዜዎቹ በሙሉ አፋቸውን ከፍተዋል። ይሄኛው አልበሙ መሀል ላይ በሁለት ገጽ ይዘረጋል፤ ለሙሽሪት እናት ደውዬ ቅዳሜ ይምጡ ብያለሁ።