ዝሆኔ ሳር መሃል ምን ልዝራ? (ጅማ ዙሪያ)

የሰርቦዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰርቦ አካባቢ ሁለት የሚታለቡ ዲቃላ ላሞች አሉኝ። ከቡናው ዳር የተከልኩት ዝሆኔ ሳር ሞልቷል፣ ግን እሱን ብቻ ሲበሉ ወተቱ ይወርዳል። ፉርሽካና ፋጉሎ ደግሞ ዋጋቸው አይቀመስም። ሳሩ መሃል የጥራጥሬ ዘመድ የሆነ መኖ ብጨምር የቱ ይሻላል? አንዱ አልፋልፋ አለኝ፣ ሌላው ዴስሞዲየም። ሳሩስ አያፍነውም?

ከማና፦
እህቴ፣ አልፋልፋውን ተዪው። የኛ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፣ አልፋልፋ እዚህ ላይ ያለ ኖራ አይሆንልሽም። ዴስሞዲየም ይሻልሻል፤ አሲዱንም በመጠኑ ይችላል፣ ዝናባችንንም ይወዳል፣ ሐረግ ስለሆነ ሳሩ ላይ እየተንጠላጠለ ይወጣል። ችግሩ አነሳሱ ቀርፋፋ ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከላይ ከላይ በስሱ አልብሺው፣ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም። ዘር ካጣሽ ሐረጉን ቆርጠሽ ክረምት ሲገባ ትከዪው፣ ከአንጓው ሥር ይሰዳል። እስኪጠና ድረስ አርሚለት፣ ዝሆኔውንም ሳይረዝም እጨጂ፣ ያኔ አያፍነውም።

ወተቱ ለምን ወረደ ላልሽው፣ ዝሆኔ ሳር ሲያረጅ ፕሮቲኑ ይወርዳል። ከ7 በመቶ በታች ሲሆን ላሟ ሆድ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይዳከማሉ፣ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች ማለት ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ሲደርስ ማጨድ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

ደዶ ነኝ፦
ከማና የተባለው ልክ ነው፣ ግን እንደኛ ደጋ ላይ ያላችሁ በዴስሞዲየም አትድከሙ፣ ብርድ አይወድም። እኛ አጃና ቬች (እሱም የጥራጥሬ ዘመድ የሆነ ሐረግ መኖ ነው) ቀላቅለን ነው የምንዘራው። ቬቹ አጃውን ይዞ ይቆማል፣ ብቻውን ሲሆን ግን መሬት ላይ ይተኛና ከሥር ይበሰብሳል። ቬቹ ሲያብብ ነው የሚታጨደው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሳርና የሐረግ ቅይጡ ላይ ዩሪያ አታብዙ። ናይትሮጅን ሲበዛ ሳሩ ይፈነዳና ሐረጉን ይውጠዋል፣ ሐረጉ እኮ ናይትሮጅኑን ራሱ ከአየር ይስባል። መሥራቱን ለማወቅ አንዱን ተክል ከነአፈሩ በአካፋ አውጥታችሁ ሥሩን እጠቡት፣ የተንጠለጠሉትን ትናንሽ እብጠቶች በጥፍር ሰንጥቁ። ውስጣቸው ቀላ ካለ እየሠራ ነው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው ወይም ደክሟል።

የሰርቦዋ፦
ተባረኩ! ሆድ መንፋቱስ? የጎረቤቴ ላም እርጥብ አልፋልፋ በልታ ለጥቂት ነው የተረፈችው፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ከማና፦
የሚነፋው እርጥብ አልፋልፋና ቬች ነው፣ በተለይ ጤዛ ሳይረግፍ በባዶ ሆድ ከሰጠሽ። ዴስሞዲየም ውስጡ ታኒን የሚባል አፍ የሚያኮማትር ነገር ስላለው አይነፋም። በዚያው ታኒን ምክንያት መጀመሪያ ላይ ሊያንገራግሩ ይችላሉ፤ ከዝሆኔው ጋር አብረሽ ከትፊና ስጪ፣ ይለምዱታል። ከሚበሉት ሲሶው ያህል ሐረግ ቢሆን በቂ ነው። ለዘሩ ወረዳ ግብርናን ወይም መልኮ ያለውን ምርምር ማዕከል ጠይቂ፣ ክረምቱ ሳይገባ።