የሀብታም ገንዘብ፣ የሕዝብ ጉዳይ፦ ፋውንዴሽኖች ፖሊሲ ውስጥ ምን ያገባቸዋል?

አወያዩ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ይኸው። የግል ፋውንዴሽን ሳይንስ ቢደግፍ፣ የባህል ልውውጥ ቢያዘጋጅ ማንም አይጣላውም። ሚኒስትሮችንና ዲፕሎማቶችን ዝግ ክፍል ሰብስቦ ስለ ፖሊሲ ሲያወያይስ? ይቀጥል ወይስ ይቅርበት? መነሻ እንዲሆነን የሃምቡርጉን ኮርበር ፋውንዴሽን እንያዝ። የሲጋራ ማምረቻ ማሽን እየሠራ የከበረው ኩርት ኮርበር በ1959 ያቋቋመው ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ተጠቀሙ፣ እንዳንምታታ)። ሦስቱንም ሥራ ይሠራል። ስድብ የለም፣ ሌላው ሁሉ ይፈቀዳል።

ብርሃን ይግባ፦ እኔ ይቅርበት ባይ ነኝ። ከ1961 ጀምሮ የበርገዶርፍ ክብ ጠረጴዛ የሚባል ውይይት አላቸው። ፖለቲከኛው፣ ዲፕሎማቱና ምሁሩ በዝግ በር ይቀመጣሉ። የመረጣቸው ሕዝብ ግን ውጭ ነው። ደግሞ ፋውንዴሽኑ ኮርበር የሚባለው የቴክኖሎጂ ኩባንያ ብቸኛ ባለቤት ነው። አንድ የኩባንያ ባለቤት ሚኒስትር ጠርቶ ቢያወያይ ዝም እንላለን? ስሙ ፋውንዴሽን ስለሆነ ብቻ ነው ዝም የምንለው።

ኬሚስቱ፦ ብርሃን እህቴ፣ አንዷን ነገር ይዘሽ ሌላውን ሁሉ ጣልሽው። ይኼው ፋውንዴሽን በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ዩሮ የሳይንስ ሽልማት ይሰጣል። አንድሬ ጋይም በ2009 ወሰደ፣ በ2010 ኖቤል መጣለት። ሽቴፋን ሄል በ2011 ወሰደ፣ ኖቤሉ በ2014። ስቫንቴ ፔቦ በ2018 ወሰደ፣ ኖቤሉ በ2022። እነዚህ ሰዎች ሰው የሚያከብራቸው ከሽልማቱ በፊት ነው፣ እሱን አልክድም፤ ግን የምርምር ገንዘብ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፣ የመንግሥት ኮሚቴ ውጤቱን አስቀድመህ ካልነገርከው በሩን አይከፍትልህም። የግል ገንዘብ መክሰርም ይችላል። ጥቅሙ እሱ ነው።

ብርሃን ይግባ፦ ስለ ሽልማት ማን አወራ? ጥያቄው ፖሊሲ ነው።

ሦስተኛ ረድፍ፦ ልጆች፣ ይኼ ክርክር አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የአሜሪካው የነዳጅ ከበርቴ ሮክፌለር በ1910 ፋውንዴሽኑን በፌዴራል ቻርተር (የማቋቋሚያ ፈቃድ) ለማቋቋም የአሜሪካን ኮንግረስ ጠየቀ። ዓመታት ተሟገተ፣ ቁጥጥር እንዲደረግበት እስከመፍቀድ ሁሉ ሄደ፣ ግን አልተሳካለትም፤ ያን ያህል ሀብት ለዘለዓለም በአንድ ቤተሰብና በመረጣቸው ሰዎች እጅ ሆኖ የሕዝብ ጉዳይ ሊወስን ነው ብለው ብዙዎች ፈሩ። በ1913 ከኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ፈቃድ አገኘ። ዓመት ሳይቆይ፣ ሚያዝያ 1914፣ የሮክፌለር ቤተሰብ በሚቆጣጠረው የኮሎራዶ ከሰል ኩባንያ ላይ ሥራ ያቆሙ ሠራተኞች የሰፈሩበት የሉድሎ ድንኳን ሰፈር ተቃጠለ። ሴቶችና ሕፃናት አለቁ። ታዲያ ፋውንዴሽኑ ምን አደረገ? የካናዳ የሥራ ሚኒስትር የነበረውን ማኬንዚ ኪንግን ቀጥሮ የሠራተኛና የአሠሪን ግንኙነት እንዲያጠና አደረገ። ሰውየው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። በፋውንዴሽኑ ገንዘብ የተቀጠረው ሰው ግን የኩባንያውን ባለቤቶችም ከአድማው ማግስት እንዴት እንደሚወጡ ያማክር ነበር። ኮንግረስ ያቋቋመው የኢንዱስትሪ ግንኙነት ኮሚሽን ሮክፌለርንም ኪንግንም ጠርቶ አፋጠጣቸው። ጥናቱ ለሕዝብ ነው ወይስ ለኩባንያው? እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ይቺው ናት።

ኬሚስቱ፦ ጋሼ፣ ታሪኩ ልክ ነው። ግን የዚያው ፋውንዴሽን ላብራቶሪ ነው የቢጫ ወባ ክትባትን ያወጣው፣ ማክስ ታይለር በ1951 ኖቤል ያገኘበትን። እሱንስ የት እናስቀምጠው?

ሦስተኛ ረድፍ፦ እዚያው ጎኑ። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ክትባቱ ለምርጫ ያልቀረበ ሰው ፖሊሲ እንዲያወጣ ፈቃድ አይሆንም።

ኬሚስቱ፦ እሺ፣ ወደ ፖሊሲው ልግባ። 1957፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ። የምሥራቅና የምዕራብ ሳይንቲስቶች ስለ ኑክሌር የሚነጋገሩበት በር የለም። ሳይረስ ኢተን የሚባል ባለሀብት ወጪውን ችሎ ፓግዋሽ የምትባል የካናዳ መንደር ሰበሰባቸው። በዝግ በር! የሶቪየቱ ሳይንቲስት ጋዜጠኛ ፊት ቢቀመጥ የመንግሥቱን መግለጫ ከማንበብ ውጭ ምን ይላል? ያ መድረክ ቀጠለና በ1995 ከጆሴፍ ሮትብላት ጋር የሰላም ኖቤል ተሸለመ። መንግሥታት ሲኳረፉ የሚያገናኝ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። እሱን የሚከፍለው ማን ነው? መንግሥት ከከፈለውማ ሦስተኛ አልሆነም።

ብርሃን ይግባ፦ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ይኼን አልነፍግህም። እኔም አንድ ልጨምር፣ ለአወያዩም ነው። ባህል ማንም አይጣላውም ብለሃል። በ1950 በርሊን የተመሠረተው የባህል ነፃነት ኮንግረስ ኮንሰርት፣ ኤግዚቢሽን፣ መጽሔት፣ የጸሐፊዎች ጉባኤ ያዘጋጅ ነበር። ገንዘቡ ፋርፊልድን በመሳሰሉ ፋውንዴሽኖች በኩል ይመጣል ተባለ። በ1966 እና 67 ጋዜጦች ሲቆፍሩት ከኋላ ያለው ሲአይኤ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች የማንን ገንዘብ እንደሚበሉ አያውቁም ነበር። ስለዚህ ባህሉም ቢሆን ንጹሕ ነው ብሎ ማለፍ የለም።

አወያዩ፦ ተቀብያለሁ። ጥያቄውን ሰፋ አድርጉት።

ቁም ነገር፦ ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነው። ሁላችሁም ግብሩን ረሳችሁት። ፋውንዴሽን ከግብር እፎይታ ያገኛል፣ ያ ማለት የሕዝብም ገንዘብ ውስጡ አለ። አሜሪካ በ1969 ሕግ አጠበቀች፤ ፋውንዴሽን ሀብቱን አቅፎ መቀመጥ አይችልም፣ በየዓመቱ የተወሰነ ያህል ማውጣት አለበት፣ ዛሬ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ይኼ ሕግ እንዲወጣ፣ ያኛው እንዳይወጣ ብሎ ባለሥልጣን ለመጎትጎት ካወጣ ደግሞ ከባድ ግብር ይጣልበታል። ጥናትና ውይይት ግን ይፈቀዳል። ችግሩ ድንበሩ ላይ ነው። አንድ ሚኒስትር ጥሩ ሆቴል ሁለት ቀን ተጋብዞ ስለ ኃይል ፖሊሲ ቢያወራ ውይይት ነው ወይስ ጉትጎታ? እኔ እንጃ፣ እንደ ተጋባዡ ዝርዝር ነው።

ኬሚስቱ፦ እንግዲያው ዝርዝሩ ይውጣ። በዚህ እስማማለሁ። ማን ምን አለ የሚለው ግን አይውጣ። የቻተም ሃውስ ደንብ የሚባለው ከ1927 ጀምሮ የሠራው በዚህ ነው፤ የሰማኸውን ተጠቀምበት፣ የተናገረውን ሰው ግን አትጥቀስ። የበርገዶርፉም ቢሆን ለብዙ ዓመታት የውይይቱን ፕሮቶኮል (ቃለ ጉባኤ) አሳትሞ ያወጣ ነበር። ሙሉ በሙሉ ጨለማ ነው ማለት አይቻልም።

ብርሃን ይግባ፦ ዝርዝር ብቻ አይበቃኝም። ርዕሱን ማን እንደመረጠውም ይውጣ። የክፍሉ ሥልጣን ያለው ተናጋሪው ጋ አይደለም፣ ዛሬ ስለዚህ እንነጋገር፣ ስለዚያ አንነጋገር ያለው ሰው ጋ ነው። የሲጋራ ማሽን ሀብት ያቋቋመው መድረክ ስለ ትምባሆ ግብር ውይይት ካላዘጋጀ ማን ይጠይቀዋል? አላዘጋጁም እያልኩ አይደለም። መጠየቂያ መንገድ የለም ነው የምለው።

ኬሚስቱ፦ ርዕሱንማ የሚመርጠው ከፋዩ ነዋ! ሌላ ማን ሊመርጥለት ነው?

ሦስተኛ ረድፍ፦ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1913 የፈራው እሱን ነበር።

ቁም ነገር፦ ግማሹን ርዕስ ከውጭ የሚመጣ ኮሚቴ ቢመርጥስ? ተወያዩበት እስቲ።

ብርሃን ይግባ፦ ኮሚቴውን የሚሰይመው ማን እንደሆነ መጀመሪያ ንገረኝ።