ክርክር፦ የተርነር ማዕበል ግፉን ያሳያል ወይስ ይሸፍናል?

አወያይ፦ የዛሬው ርዕሳችን የእንግሊዛዊው ሰዓሊ ተርነር «የባሪያ መርከብ» የተባለው ሥዕል ነው። በማዕበል መሃል ከመርከብ ባሕር ውስጥ የተጣሉ ባሪያዎችን ያሳያል። በ1840 ለንደን ላይ ለእይታ ቀረበ። አሁን ቦስተን ሙዚየም ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) እንዲህ ያለ ግፍ እንዲህ አምሮ መሳል ነበረበት?

የታሪክ መምህር፦ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ብዙዎች ሥዕሉን ዞንግ ከምትባል የባሪያ ንግድ መርከብ ጋር ያያይዙታል። በ1781 የመርከቧ ሠራተኞች ከ130 በላይ አፍሪካውያንን ከነነፍሳቸው ባሕር ውስጥ ጣሉ። ምክንያታቸው «ውሃ አለቀብን» ነበር። ባለቤቶቹ ደግሞ ኢንሹራንስ ጠየቁ፤ በነፍስ ወከፍ 30 ፓውንድ። ፍርድ ቤት የቀረበው የግድያ ክስ አልነበረም። የዕቃ ክርክር ነበር።

የሥዕል ተማሪ፦ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው ጋሼ። ሰማዩ ደም ለብሷል፣ ፀሐይዋ መሃል ላይ ትነዳለች። ዓይን መጀመሪያ እዚያ ነው የሚያርፈው። ሰዎቹ ተፈልገው ነው የሚገኙት። ፊት የላቸውም። አንድ እግር ከነእግር ብረቱ፣ ጥቂት እጆች፣ በቃ። ራስኪን የሚባለው ሐያሲ ስለ ሞገዱና ስለ ቀለሙ ብዙ ጻፈ። መርከቧ ባሪያ የጫነች መሆኗን ግን በግርጌ ማስታወሻ ነው ያለፈው።

የቦስተን ነዋሪ፦ እህቴ፣ የራስኪንን ጥፋት ተርነር ላይ አትጫኚ። እኔ ሥዕሉ ፊት ቆሜያለሁ። ከሩቅ ጀምበር ስትጠልቅ ነው የሚመስለው። ደስ ብሎሽ ትጠጊያለሽ። ከዚያ እግሩን ታያለሽ፣ ዓሦቹ ሲሻሙት። እኔ ክው ነው ያልኩት። ደስ በመሰኘቴ አፈርኩ። ደግሞ መርከቧን እዪ። ብዙ ሰዓሊዎች ማዕበል የሚስሉት ለመርከበኞቹ እንድናዝን ነው። እዚህ ግን መርከቧ እንድትሰምጥ ትመኛለሽ።

የሥዕል ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ብትሰምጥ እኮ ውስጧ ገና የታሰሩ ሰዎች አሉ።

የታሪክ መምህር፦ እውነትሽን ነው ልጄ። ስንት ዓመት ሳስተምር ይህን አላሰብኩትም።

ከጅዳ፦ እኔ ሥዕል አላውቅም። ግን በነሐሴ 2017 የመን ጠረፍ ላይ ደላሎች ከ100 በላይ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ስደተኞችን አስገድደው ባሕር ውስጥ ጨምረዋቸዋል። አብዛኞቹ ገና ልጆች ነበሩ። ያንን ቀን አንድ ሰው ቢስለው፣ እናቶቻቸው ምን እንዲያዩ እንፈልጋለን? ማዕበሉን?

የቦስተን ነዋሪ፦ ለዚህ መልስ የለኝም። ቢያንስ የዞንግ ታሪክ ከሥዕሉ ጎን በትልቁ ይጻፍ።

የሥዕል ተማሪ፦ እኔ ብስለው ከፊታቸው ነው የምጀምረው። ባሕሩ ይቆየኛል።