የጎፍ ደሴት አይጦች የአልባትሮስን ጫጩት እንዴት ይገድላሉ?

ጥያቄ
የትሪስታን አልባትሮስ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ የባሕር ወፎች አንዱ መሆኑን፣ ለዚህም በደቡብ አትላንቲክ በምትገኘው በጎፍ ደሴት የሚኖሩ ተራ የቤት አይጦች ዋነኛ ተጠያቂ መሆናቸውን አነበብኩ። ክንፉ ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ገደማ የሚደርስ ወፍ ጫጩቱ በአይጥ ተበልቶ ይሞታል መባሉ ግን ሊዋጥልኝ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2021 አይጦቹን ለማጥፋት የተደረገው ዘመቻ ካልተሳካስ፣ እንደገና መሞከሩ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

መልስ 1
ለማመን ቢከብድም ድርጊቱ በሌሊት በተቀረጹ ቪዲዮዎች በግልጽ ታይቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአቆስጣ (በባሕርና በዳርቻው የሚኖር አጥቢ እንስሳ) አዳኞች መርከቦች የወረዱት አይጦች፣ ሌላ ምግብ በሚጠፋበት ቀዝቃዛ ወቅት ሥጋ መብላት ለመዱ፤ ዛሬ አካላቸው ከተለመደው የቤት አይጥ በግማሽ ያህል ይበልጣል። ወላጆቹ ለምግብ ፍለጋ ባሕር ላይ ስለሚሰነብቱ ጫጩቱ ለወራት ጎጆው ላይ ብቻውን ይቆያል። አይጦቹ ነክሰው ያቆስሉታል፤ ከዚያም ሌሊት ሌሊት እየተመላለሱ ያንኑ ቁስል ያሰፉታል። ዝርያው አጥቢ አዳኝ በሌለበት ምድር የኖረ በመሆኑ ራሱን የሚከላከልበት ደመ ነፍስ የለውም፤ ሲበሉት ዝም ብሎ ይቀመጣል።

መልስ 2
ንጉሣዊው የብሪታንያ የወፎች ጥበቃ ማኅበር ጎፍን ከሚያስተዳድረው የብሪታንያ ግዛት፣ ከትሪስታን ዳ ኩኛ አስተዳደር ጋር ሆኖ መርዝ ያለበትን ምግብ በሄሊኮፕተር በደሴቲቱ ላይ በትኖ ነበር፤ ሆኖም ዓመቱ ሳይጠናቀቅ አንዲት አይጥ በካሜራ ታየች። እንዲህ ባለው ሥራ ጥቂት አይጦች ቢተርፉ መልሰው ደሴቲቱን ይሞሏታል። ይሁን እንጂ በቀጣዩ የመራቢያ ወቅት ከቀድሞው እጅግ የበዙ ጫጩቶች ለመብረር በቅተዋል። ከጎፍ የምትሰፋው የደቡብ ጆርጂያ ደሴትም እ.ኤ.አ. በ2018 ከአይጥ ነፃ መሆኗ ታውጇል። ስለዚህ በእኔ እምነት ሙከራው ሊደገም ይገባል።

መልስ 3
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ውይይቱ በአይጥ ላይ ብቻ ማተኮሩ ቅር ያሰኘኛል። ይህ ወፍ መራባት የሚጀምረው ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ ሲሆን ነው፤ ጫጩቱን ያሳደገ ጥንድም አንድ እንቁላል የሚጥለው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። በመሆኑም ብዙ መንጠቆ በተደረደረበት ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ተይዞ የሚሰጥም አንድ ጎልማሳ ወፍ በቀላሉ አይተካም። ገመዱን ሌሊት መጣል፣ በፍጥነት እንዲሰጥም ክብደት ማሰርና ወፎቹን የሚያርቁ ጨርቃ ጨርቆችን ከመርከቡ ኋላ ማንጠልጠል ሞቱን በእጅጉ ይቀንሳሉ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ፤ አሁን ገባኝ። መርዙ ግን በሌሎቹ የደሴቲቱ ወፎች ላይ ጉዳት አያደርስም?

መልስ 2
ያደርሳል፤ በተለይ በየብስ ላይ ምግባቸውን ለቅመው ለሚኖሩት ያሰጋል። በዚህ ምክንያት በዓለም ላይ በጎፍ ብቻ በተፈጥሮ የሚገኘው የጎፍ ቡንቲንግ፣ እንዲሁም የጎፍ ሞርሄን፣ የተወሰኑት ከብተናው በፊት ተይዘው በመጠለያ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ አደጋው ካለፈ በኋላ ተለቀዋል።