እናቴ ማታ ማታ እየወጣች ትጠፋለች፤ በሩን እንቆልፍባት?

ጠያቂ (የታቦር ልጅ)፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለነው ሐዋሳ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ሐኪሙ ዲሜንሺያ (የመርሳት ሕመም)፣ ምናልባትም አልዛይመር ነው ብሎናል። ጠዋት ጠዋት ደህና ነች። ቡና ታፈላለች፣ ከጎረቤት ትጫወታለች። ወደ 11 ሰዓት ሲሆን ግን «ወደ ቤቴ ልሂድ፣ ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው» ትላለች። ያለችው እኮ ገዛ ቤቷ ውስጥ ነው! ነጠላዋን ትለብስና ውልቅ። በቀደም አንድ ባጃጅ ነጂ አሞራ ገደል አካባቢ አግኝቶ ነው ያመጣልን። ወንድሜ በሩ ይቆለፍባት ይላል። በዚያ ላይ «ጨርሳ ሳትጃጅ ቤቱን በስሜ ታዙርልኝ» እያለ ነው። እኔ ቀን ሥራ ነው የምውለው፤ ሠራተኛዋም ትፈራለች። ምን ይሻላል?

ሲስተር ነኝ፦
እህቴ፣ መቆለፉ ይቅር። እሳት ቢነሳስ? ደግሞ ሰው በገዛ ቤቱ ሲዘጋበት ይደነግጣል፣ በር ይደበድባል፣ ማታው ይብስበታል። «እዚሁ ቤትሽ ነሽ እኮ» ብሎ መከራከርም አያዋጣም። ቤቴ ልሂድ የሚሉት ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ሳይመቻቸው ሲቀር ነው። ርቧቸው፣ ሽንት ይዟቸው፣ ወይ ደክሟቸው ይሆናል። መጀመሪያ ያንን ፈልጊ። ከዚያ «ከልጆቹ ማን ያስቸግራል?» እያልሽ አስወሪያቸው። ሳይጨልም መብራት ይብራ፤ ጥላ ያስፈራቸዋል። በ10 ሰዓት ሠራተኛዋ ይዛቸው ወጣ ትበል። መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፣ ብቻቸውን አይሁን እንጂ።

ሌላው፣ ግራ መጋባቱ በቀናት ውስጥ ድንገት ከባሰ «በሽታው ገፋ» ብለሽ አትቀመጪ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብቻውን አረጋዊን ያዘባርቃል። ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። ታይሮይድና ቫይታሚን ቢ12 በደም ምርመራ ካልታዩ ይታዩ፤ የእነሱ ማነስም ያደናግራል፣ ግን ሊታከም ይችላል። ለእንቅልፍ ብላችሁ ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዲያዜፓም እንዳትሰጧቸው። ይበልጥ ያደናግራቸዋል፣ ያንገዳግዳቸዋል፣ ሊወድቁም ይችላሉ።

አባቴን ያስታመምኩ፦
እኛ ስልክ ቁጥራችንን ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጽፈን ጋቢው ጠርዝ ላይ በውስጥ በኩል ሰፋንለት። ኪሱ ውስጥ ወረቀት ስናስቀምጥ እያወጣ ይጥለው ነበር፤ የተሰፋውን ግን አልነካውም። በሩ ላይ ቃጭል አሰርን። የሰፈር ባጃጆች፣ ባለሱቁ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ፣ ሁሉም ያውቁት ነበር። እባካችሁ አትደብቁ። ሐይቁ ቅርብ ነው!

እሙ ሐዋሳ፦
ፀበልስ ወስዳችኋቸዋል?

ሲስተር ነኝ፦
ከፈለጉ ይጠመቁ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጡ። እምቢ ካሉ በግድ አይሆንም። ማሰርማ ፈጽሞ።

የሕግ ሰው፦
ስለ ቤቱ ልመልስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 192 ማንኛውም ሰው በሕግ ችሎታ የለውም ካልተባለ በቀር ችሎታ፣ ማለትም በራሱ ጉዳይ የመወሰንና የመዋዋል መብት፣ አለው ይላል። የሐኪም ወረቀት ብቻውን ይህን መብት አይነጥቃቸውም፤ ፍርድ ቤት አይቶ በፍርድ ሲከለክላቸው ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም (የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል) የሰውዬው ፍላጎትና ምርጫ ይከበር ነው የሚለው። ስለዚህ ቤቱን ማዞር አለማዞር የእናታችሁ ውሳኔ ነው፤ የወንድምሽ ጥድፊያ አይደለም። ሳይገባቸው የፈረሙት ፊርማ ነገ ፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል፤ እናንተንም ያቆራርጣችኋል።

ጡረታና ባንክ ካስቸገረ ለሚያምኑት ሰው ውክልና ይስጡ። ጠዋት፣ ደህና ሲሆኑ፣ ወንድምሽ አጠገባቸው ሳይኖር ጠይቂያቸው። ግን እወቂ፤ በውሉ ሌላ ካልተባለ በስተቀር ሰጪው ችሎታ ሲያጣ ውክልናውም ይቀራል።

ሰው ቤት የሠራሁ፦
ሠራተኛዋ የምትፈራው ማንም ስላላስረዳት ነው። አብራችሁ ተቀመጡና ምን እንደሆነ ንገሯት። ደመወዟም ይታሰብበት፤ ይሄ የቤት ሥራ ብቻ አይደለም። ገላ መታጠብ እምቢ ካሉ ደግሞ የእኔን ልንገራችሁ። ነጠላውን ከትከሻቸው ላይ አላነሳውም ነበር። ውሃውን መጀመሪያ እጃቸው ላይ አስነካቸዋለሁ፣ ከዚያ እግራቸውን። «አሁን ጀርባዎን ልጠብዎ?» ብዬ ሳልጠይቅ አልቀጥልም። ሰውነታቸው የራሳቸው ነው። ወንድምየው ደግሞ ቁልፍ ከሚይዝ ቅዳሜን ይያዝላችሁ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ እየተነጫነጨም ቢሆን ቅዳሜን እሺ ብሏል። ስለ ቤቱ ጠዋት ቡና ላይ ጠየቅኳት። «ቤቱ የኔ ነው። ስሞት እኩል ትካፈላላችሁ» አለችና ሁለተኛውን ቀዳችልኝ። እንዲህ በቃል ማለቷ ይበቃል?

የሕግ ሰው፦
አይበቃም። ይህንኑ ከፈለጉ ኑዛዜ ያድርጉት። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በእሳቸውና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ እሳቸውም ምስክሮቹም ይፈርማሉ። ምስክሮቹ ከወራሾች ውጪ ይሁኑ። የዚያኑ ሰሞን ሐኪም አይቷቸው ማስረጃ ቢጽፍ ደግሞ በኋላ ከክርክር ያድናችኋል።