ጎረቤትን ቡና ጠርቶ ወንጌል መናገር፦ ፍቅር ነው ወይስ ማጥመጃ?

አስተባባሪ፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከቤት ኅብረታችን የተነሣ ነው። በኮንዶሚኒየም የምንኖር አማኞች ጎረቤቶቻችንን ቡና እየጠራን ስለ ጌታ እንንገራቸው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ግማሹ ደገፈ፣ ግማሹ «ቡናን ማጥመጃ አታድርጉት» አለ። የሌላ እምነት ተከታዮችም ግቡበት፤ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል። መሰዳደብ የለም።

ከሰሚት፦ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ1983 ነፃነት ሲመጣ ወደ 34 ሺህ ደርሰው ተገኙ። አዳራሽ አልነበራቸውም፣ ድምፅ ማጉያም አልነበራቸውም። ሳሎን ነው ያበዛቸው፤ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በሹክሹክታ እየጸለዩ። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 እምነትን የማስተማር መብት ሰጥቶን ምን ያስፈራናል?

ኦርቶዶክሳዊት ጎረቤት፦ ወንድሜ፣ መብቱን ማን ከለከለህ? የደረሰብኝን ልንገርህ። አዲስ የገባች ጎረቤት ቡና ጠራችኝ። ደስ ብሎኝ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ሄድኩ። ዕለቱ አርብ ነበር፤ የቀረበው የቡና ቁርስ በቅቤ የታሸ ጭኮ። እሺ፣ አላወቀችም ብዬ ዝም አልኩ። አቦሉን ሁለቴ ፉት ሳልል የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ከመኝታ ቤት ወጡና «ጌታን ተቀብለሻል?» አሉኝ። በ80 ቀኔ የተጠመቅኩ ሰው ነኝ! ስለ ክርስቶስ መስማት አይደለም የከፋኝ። ጎረቤት አገኘሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ቶናው ሳይደርስ ወጣሁ። አሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ቁልፍ እንፈልጋለን።

ከሰሚት፦ እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። እንዲህ ያለውን አልደግፍም። ግን አንዲት ሴት ስላጠፋች ሁላችንም ዝም እንበል?

የወሎ ልጅ፦ ሙስሊም ነኝ፤ ዝም በሉ አልልም። እኛ ሰፈር ክርስቲያኖቹ ለፋሲካ ሲጠሩን የኛን በግ በሙስሊም ያሳርዱና ለብቻው ድስት ያሠሩት ነበር። በዒድ ደግሞ እኛ ለእነሱ እንደዚያው። ጎረቤታችን እትዬ ስለ እምነታቸው ብዙ ነግረውኛል፤ ልጅ ሆኜ «ለምን ይጾማሉ?» እያልኩ ስጠይቃቸው። እምነታቸውን አልተቀበልኩም፣ እሳቸውን ግን እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ። ጠያቂው እኔ ነበርኩ፤ ልዩነቱ እሱ ይመስለኛል።

እናት ከጀሞ፦ ልጆቼ፣ እኔም ጴንጤ ነኝ፤ 30 ዓመት አልፎኛል። ስለ መጥራት ብቻ ስታወሩ አንድ ነገር ረሳችሁ። እኛ መጥራት እንወዳለን፣ ሲጠሩን ግን አንሄድም። ጎረቤት ዝክር ሲደግስ በር ዘግተን እንቀመጣለን፤ ጸበል ጻድቁን ሲያመጡልን እንመልሳለን። ከዚያ በሳምንቱ «ቡና ጠጡ» ስንል ማን ያምነናል? ጌታ ዘኬዎስን ቤቱ አልጠራውም፤ «ዛሬ በቤትህ እውላለሁ» ብሎ እሱ ነው የሄደው። ሰባዎቹንም ሲልካቸው «ያቀረቡላችሁን ብሉ» ነው ያላቸው። እንግዳ ሆነው ነው የተላኩት።

ባለቤቴ ሲያርፍ ሦስቱንም ቀን ንፍሮውን የቀቀሉት፣ ፍራሹን ያነጠፉት የደረጃዬ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱ አንድም ጴንጤ የለም። አንዷ ከወር በኋላ መጥታ «እንዲህ ተረጋግተሽ የቆምሽው በምንድን ነው?» አለችኝ። ያን ቀን ስለ ኢየሱስ እስኪመሽ አወራን። ሃይማኖቷን አልቀየረችም፤ እስካሁን ግን ማታ ማታ ትመጣለች።

ከሰሚት፦ እማማ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በታቦት ስም የተዘከረ እንዴት ይበላል? ጠላውስ? ለደካማው ወንድም መሰናክል አንሆንም?

እናት ከጀሞ፦ ልጄ፣ ኅሊናህ ከከለከለህ አትብላ፤ አልፈርድብህም። ግን ሂድ፣ ተቀመጥ፣ አመስግን፣ ልጆቹን ስማቸው። እኔ ጠላ አልጠጣም፤ ስለሚያውቁ ውሃ ያቀርቡልኛል። በዚህ ተቀይሞኝ የሚያውቅ የለም።

ኦርቶዶክሳዊት ጎረቤት፦ እማማ፣ ያቺ ጎረቤቴ እንደ እርስዎ ብትሆን ኖሮ ቶናውንም በረካውንም ጠጥቼ ነበር። እኔም ግን ከዚያ ወዲህ በሯን አንኳኩቼ አላውቅም። ኅዳር 12 ሚካኤልን እዘክራለሁ። እጠራታለሁ፤ ብርዝም ለብቻ አዘጋጅላታለሁ።