ልጄ ክፍሉን ዘግቶ አልወጣም ብሏል፣ ነገ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ አለን

እናት ነኝ፦
ወገኖቼ፣ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት እንደገባ ቦርሳውን ወርውሮ ክፍሉን ዘጋ። ጆሮውን ይዞ ይጮሃል፣ ጭንቅላቱን በእጁ ይመታል። ስናናግረው ይብስበታል። አባቱ በሩን ልስበረው እያለ ነው። ነገ ጠዋት የአእምሮ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለን፣ ስንጠብቀው የቆየነው ነው። አስተማሪው «ኦቲዝም ሳይሆን አይቀርም፣ ቀለል ያለው ዓይነት» ስላለን ነው የያዝነው። ግን ይሄ ልጅ ሰው ፊት ሲቀርብ ጭምት ሆኖ «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። ሐኪሙ ምንም የለውም ብሎ እንዳይመልሰን ፈራሁ። ምን ላድርግ? መድኃኒቱስ ምንድነው?

ጎረቤት፦
ዕድሜው ስንት ነው? በሩ ተቆልፏል? አጠገቡ ስለት ወይም መድኃኒት አለ?

እናት ነኝ፦
14 ዓመቱ ነው። አልተቆለፈም፣ ጠረጴዛ አስደግፎበት ነው። ስለትም መድኃኒትም የለም።

የሌሊት ነርስ፦
እህቴ፣ አይዞሽ። በመጀመሪያ አባቱ ከበሩ ይራቅ። ከዚያ ሁላችሁም ዝም በሉ። «ምን ሆንክ» የሚለው ጥያቄ ራሱ አሁን ለእሱ ጩኸት ነው። ቴሌቪዥን አጥፉ፣ ትንንሾቹን ወደ ሌላ ክፍል ውሰጂ፣ የኮሪደሩን መብራት ቀንሺ። አንቺ ብቻ በሩ አጠገብ ቁጭ በዪ። አንዴ ብቻ፣ በዝግታ፣ «እዚህ ነኝ፣ ማውራት የለብህም» በዪው። ከዚያ በኋላ አትደጋግሚው።

ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ከጀመረ ግን ገብተሽ በመሃል ትራስ አድርጊ። ራሱን ከሳተ፣ ካስመለሰው፣ ወይም መሞት እፈልጋለሁ ካለ ነገን አትጠብቂ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ሳቂታው፦
አባቱን ንገሪው፣ በር መስበር የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ልጁ ተጨነቀ እንጂ ቤቱ አልተቃጠለም። ቢሰብረውስ ማን ሊጠግነው ነው?
የምሬን ስናገር፣ የኔም ልጅ እንደዚህ ነበር። ትልቅ፣ ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ ገዛንለት፤ ሙዚቃ ሳይሆን ዝምታ ነው የሚሰማበት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያንን አድርጎ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አያናግረውም። ፍንዳታው በጣም ቀነሰ።

ቀጥተኛው፦
ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ግን እኔ ቅብጠት ነው የሚመስለኝ። ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ጨዋ ሆኖ ውሎ ቤት ሲገባ የሚጮህ ልጅ ራሱን መቆጣጠር ይችላል ማለት ነው። ኦቲዝም ቢሆን እዚያም ይጮህ ነበር። ለመሆኑ ውጤቱ እንዴት ነው?

እናት ነኝ፦
ከክፍሉ 2ኛ ነው። በሒሳብ የሚደርስበት የለም።

ቀጥተኛው፦
ይኸው! ሁለተኛ የሚወጣ ልጅ ላይ የበሽታ ስም ልትለጥፊበት? ይሄ ስም ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ልጆች በዚህ ዕድሜ ሁሉም ዝምተኛ ናቸው።

መምህርት፦
ልዩ ፍላጎት ካላቸው ተማሪዎች ጋር ነው የምሠራው። ወንድሜ ቀጥተኛው የተናገረው ብዙ ወላጅ የሚያምነው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ሐኪሞቹ ሊዮ ካነር በፈረንጆቹ 1943፣ ሃንስ አስፐርገር በ1944 ስለነዚህ ልጆች ሲጽፉ ሁለቱም የማሰብ ችሎታ ያላቸውን ልጆች ጠቅሰው ነበር። ይሁንና ለብዙ ዓመታት ኦቲዝም ሲባል ሰው የሚያስበው የማይናገረውን ልጅ ብቻ ነበር። እንግሊዛዊቷ የአእምሮ ሐኪም ሎርና ዊንግ በ1981 የአስፐርገርን ሥራ እንደገና ወደ ሐኪሞች ትኩረት አመጣችው። በ1994 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ አስፐርገር የገለጸውን ሁኔታ በስሙ ጠርቶ ራሱን የቻለ ምርመራ አደረገው። በ2013 ደግሞ ሁሉም «የኦቲዝም ስፔክትረም» (ከሰው ሰው የሚለያይ አንድ ሰፊ ሁኔታ) በሚለው ሥር ተጠቃለለ። ዛሬ የሚጻፈው የሚያስፈልገው የድጋፍ መጠን ነው፣ ከደረጃ 1 እስከ 3። ደረጃ 1 ማለት ድጋፍ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። የብልህነት ውጤት ከመመዘኛው ውስጥ የለም። አንደኛ የሚወጣም፣ ፊደል መቁጠር የሚከብደውም ኦቲዝም ሊኖረው ይችላል።

መመዘኛው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ከሰው ጋር መግባባት ነው፤ የጨዋታ መቀባበል፣ የዓይንና የፊት ንግግር፣ ጓደኝነት። ሦስቱም ላይ ችግር መኖር አለበት። ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው፤ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ወይም ንግግር፣ ለውጥን አለመቻል፣ በአንድ ነገር ከልክ በላይ መጠመድ፣ ለድምፅ ወይም ለብርሃን ወይም ለልብስ የተለየ ስሜት። ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ መታየት አለባቸው። እና ምልክቱ ከልጅነት የጀመረ...

ሳቂታው፦
መምህርት፣ ትምህርቱ ግሩም ነው፣ ግን ልጁ አሁን እየጮኸ ነው!

መምህርት፦
ልጨርሰው፣ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ ከልጅነት ይጀምራል፤ ነገር ግን የኑሮው ጥያቄ ከአቅሙ በላይ እስኪሆን ድረስ ላይታይ ይችላል። ይህን መመሪያው ራሱ ይላል። ለዚህ ነው ብዙ ጎበዝ ልጆች 12፣ 13፣ 14 ዓመት ላይ ድንገት «የተበላሹ» የሚመስሉት። ጓደኝነት በኳስ መሆኑ ቀርቶ በወሬ፣ በቀልድ፣ በውስጠ ወይራ ንግግር ይሆናል። አስተማሪውም በየትምህርቱ ይቀያየራል።

ቀኑን ሙሉ ጨዋ መሆኑም መቆጣጠር ይችላል ማለት አይደለም፣ ይደብቀዋል እንጂ። ዓይን ማየትን ይለማመዳል፣ የሌሎችን ሳቅ ይኮርጃል፣ ጫጫታውን ጥርሱን ነክሶ ይችላል። ከባድ ሸክም ተሸክሞ የዋለ ሰው ሸክሙን የሚያራግፈው ቤቱ ሲደርስ ነው። እናት ነኝ፣ አንቺ ጋ መፈንዳቱ አንቺን ስለሚያምንሽ ነው።

ቀጥተኛው፦
እሺ። ግን ስሙ ምን ይጠቅመዋል? እሱን ነው ያልመለስሽልኝ።

መምህርት፦
ስሙን ካላወቀ ለራሱ ሌላ ስም ያወጣል። «ሰነፍ ነኝ»፣ «ክፉ ነኝ»፣ «እብድ ነኝ»። ኦቲዝም ያላቸው ጎበዝ ወጣቶች ላይ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከሌላው ወጣት በላይ ይታያል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ትምህርት ቤትም ወረቀት ሲያይ ነው ማስተካከያ የሚያደርገው።

ዘግይቼ፦
እኔ የምለው መብራት አጥፉ፣ ዝም በሉ። ብዙ አታውሩት።

ሳቂታው፦
ነርሷ ከላይ ብላዋለች ወንድሜ። ሁለት ጊዜ መባሉም አይጎዳም።

እናት ነኝ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጩኸቱ ቆመ። አባቱን ወደ ሳሎን ሰደድኩት። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቷል፣ «እማ ሂጂ» አለኝ፣ ግን በለሆሳስ ነው። አሁን ለነገ ምን ልያዝ?

የሁለት ልጆች አባት፦
በዚህ መንገድ አልፈናል፣ የጠቀመንን ልንገርሽ።

ሐኪሙ ነገ የሚያየው የአንድ ሰዓት ልጅ ነው። አንቺ ደግሞ የ14 ዓመቱን ታውቂያለሽ። ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ጻፊ። ከ2 እስከ 5 ዓመቱ ምን ይመስል እንደነበር አስታውሺ። መቼ ተናገረ? የሚወደውን ነገር በጣቱ ጠቁሞ «እዪ» ይልሽ ነበር? ከልጆች ጋር ማስመሰል ይጫወት ነበር ወይስ መኪናዎቹን ብቻ ይደረድር ነበር? መንገድ ስትቀይሩ ያለቅስ ነበር? የልብስ ስፌት፣ የፀጉር መቆረጥ፣ የማብሰያ ድምፅ ያስጨንቀው ነበር? «በጣም ጎበዝ፣ ግን ብቻውን ይሆናል» የሚል የድሮ የአስተማሪ አስተያየት ካለሽ ያዢ። የልደት ቪዲዮም ካለ ያዢ፣ ከሌሎች ልጆች መካከል ምን እንደሚያደርግ ያሳያል። አስተማሪው በሦስት መስመር ቢጽፍልሽ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

እና «ይናደዳል» ብለሽ አትጻፊ። ምን ቀደመው፣ ምን አደረገ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ በምን በረደ ብለሽ ጻፊ።

ጎረቤት፦
ሲጮህም በስልክ ቅረጺው። ሐኪሙ በዓይኑ ይይ።

የሁለት ልጆች አባት፦
በዚህ አልስማማም። 14 ዓመቱ ነው። በዚያ ሁኔታው እንደተቀረጸ ቢያውቅ ማመኑን ያቆማል። በጽሑፍ ይበቃል። ሐኪሙ ከጠየቀ ያኔ ልጁን አስፈቅደሽ።

የሌሊት ነርስ፦
እኔም ከአባትየው ጋር ነኝ። በተጨማሪ፣ ለልጁ ዛሬ ሲረጋጋ ወይም ጠዋት ላይ ነገ ምን እንደሚሆን በወረቀት ጻፊለት። ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ፣ ማን ያናግረዋል፣ ምን ይጠየቃል። ድንገተኛ ነገር ነው የሚጎዳው። ለመናገር ከከበደው ራሱ ጽፎ ለሐኪሙ ይስጥ፤ ብዙ ወጣቶች በጽሑፍ ሲሆን ሌላ ሰው ናቸው። ሐኪሙንም ለብቻው እንዲያናግረው ጠይቂ። ትምህርት ቤት የሚያስቸግረው ልጅ ካለ አንቺ ፊት ላይናገር ይችላል።

እናት ነኝ፦
የደም ምርመራ ወይም የጭንቅላት ራጅ ያስፈልገዋል?

የሌሊት ነርስ፦
ኦቲዝምን የሚያሳይ የደምም የራጅም ምርመራ የለም። ሐኪሙ ሌላ ነገር ከጠረጠረ፣ ለምሳሌ የሚጥል በሽታ፣ ያኔ ያዛል። ጆሮው በደንብ መስማቱን ማረጋገጥ ግን ተገቢ ነው። ዋናው ምርመራ ታሪክና ምልከታ ነው። ኤዶስ የሚባል የምልከታ መመዘኛና ኤዲአይ የሚባል የወላጅ ቃለ መጠይቅ አለ። እነዚህ ባይኖሩም የሠለጠነ ባለሙያ ታሪኩን በደንብ ወስዶ መወሰን ይችላል። በአንድ ቀጠሮ ካላለቀም አትዘኚ። ጭንቀት፣ ድብርት፣ የትኩረት ችግር፣ የደረሰበት ጉዳት ካለ መለየት አለበት፤ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ።

«ምንም የለውም» ካለሽ ደግሞ ተረጋግተሽ «ታዲያ ይሄን በምን ያብራሩልኛል?» ብለሽ ገጹን አሳዪው። ሌላ ባለሙያ መጠየቅም መብትሽ ነው።

ፋርማሲስት፦
መድኃኒት ስለጠየቅሽው፦ ለኦቲዝም ለራሱ የሚሰጥ መድኃኒት የለም። ሪስፐሪዶን በፈረንጆቹ 2006፣ አሪፒፕራዞል በ2009 በአሜሪካ የተፈቀዱት ኦቲዝም ያላቸው ልጆች ላይ ለሚታይ ከባድ ቁጣና ራስን መጉዳት ነው። ክብደት ይጨምራሉ፣ ስኳርና ስብ በደም ምርመራ መታየት አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያ ምርጫ አይደሉም። እንቅልፍ ካጣ ሜላቶኒን አለ፣ የትኩረት ችግር ካለ የእሱ መድኃኒት አለ፣ ድብርት ካለም እንዲሁ። ሁሉም በሐኪም ነው። የሌላ ሰው ልጅ የተረፈውን ክኒን ማንም ቢሰጥሽ አትቀበዪ።

ከክኒን በፊት የሚሞከረው ሌላ ነው። ለጭንቀት የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ይሰጣል፤ ለእነዚህ ልጆች በሥዕል፣ በጽሑፍ፣ በሚወዱት ነገር ተደግፎ ሲሆን ይሠራል። ለጓደኝነት ደግሞ ወላጅም አብሮ የሚሠለጥንበት የቡድን ትምህርት አለ፤ ፒርስ የሚባለው ለወጣቶች የተዘጋጀ ነው። ትምህርት ቤት ላይ ከክፍል ወጥቶ የሚያርፍበት ፈቃድ፣ በጽሑፍ የሚሰጥ መመሪያ፣ ለውጥ ሲኖር አስቀድሞ መንገር። ርካሽ ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ከሁሉ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው።

መፍትሔ አለኝ፦
የእህቴ ልጅ ከባድ ብረት (እንደ ሜርኩሪ ያለ) ከሰውነት በሚያስወጣ መድኃኒት ድኗል። ሁሉም ከክትባት የመጣ ነው። በውስጥ ጻፊልኝ።

ፋርማሲስት፦
እህቴ፣ እባክሽ አትጻፊለት። ክትባትና ኦቲዝምን ያገናኘው በፈረንጆቹ የ1998ቱ የእንግሊዛዊው ሐኪም የዌክፊልድ ጽሑፍ በ2010 ከላንሴት መጽሔት ተሽሯል፣ እሱም የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። ብረት ያስወጣል የሚባለው መድኃኒት ደግሞ የደም ካልሲየም አውርዶ ልጅ ገድሏል። በዚህ ጉዳይ ትዕግሥት የለኝም።

እናት ነኝ፦
ደህና አደራችሁ። መንገድ ላይ ነን። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። እሱም ራሱ የሆነ ወረቀት አጥፎ ኪሱ አድርጓል፣ አላሳየኝም፣ አልጠየቅኩትም። ስመለስ እነግራችኋለሁ።

ቀጥተኛው፦
ይቅናችሁ። ትናንት ያልኩትን እያሰብኩበት ነው ያደርኩት። ግን አሁንም ሁሉም ዝምተኛ ልጅ እንዳይመረመር እሰጋለሁ።

መምህርት፦
ዝምታ ብቻውን ለምርመራ አያበቃም። ልጁ እየተሠቃየ ከሆነ ነው።

ሳቂታው፦
እናት ነኝ፣ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ምን አለ?

ጎረቤት፦
ሳምንት አለፈ። ደህና ናችሁ?

ጥግ ወዳድ፦
ይህን ሁሉ አነበብኩት። እኔ ሴት ነኝ፣ 19 ዓመቴ ነው። መምህርት ስለ መደበቅ የጻፈችው ቃል በቃል እኔ ነኝ። ሰው ፊት እስቃለሁ፣ ቤት ገብቼ ለሰዓታት መናገር ያቅተኛል። ሐኪም ጋ ሄጄ ጭንቀት ነው ተባልኩ። ለኔ አልፎብኛል?

የሌሊት ነርስ፦
አላለፈብሽም እህቴ። ሴቶች ላይ ቶሎ አይታይም፤ የሚጠመዱበት ነገር ከእኩዮቻቸው ስለማይለይና በደንብ ስለሚደብቁት ብዙዎቹ መጀመሪያ ጭንቀት ወይም ድብርት ይባላሉ። ጭንቀቱም እውነት ሊሆን ይችላል፣ አብሮ ይታከማል። ለአዋቂ የሚሆን ምርመራ አለ። በልጅነትሽ የሚያውቅሽን ሰው፣ እናትሽን ወይም አክስትሽን፣ አብራሽ እንድትገባ ጠይቂ። «ሰው ፊት ስሆን ምን እንደማደርግና ከዚያ በኋላ ምን እንደምሆን» ብለሽ ለየብቻ ጻፊ። እናትሽ ስለ ሕፃንነትሽ ምን ትነግርሻለች?